ፉልብራይት የማንን ደብዳቤ ሰማ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በፉልብራይት ስኮላርሺፕ አሜሪካ ሄደው ማስተርሳቸውን ሠርተዋል። ስሙን ሲቪያቸው ላይ በኩራት ይጽፉታል። በቅርቡ አንድ ባልደረባቸው፣ ስኮላርሺፑ የተሰየመለት ሰውዬ እኮ ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው አይማሩ ከሚሉት ጋር የፈረመ የደቡብ ሴናተር ነው አላቸው። ደነገጡ። ነገሩን ሲያጣሩ ደግሞ «መራጮቹ አስገድደውት ነው» የሚል መከላከያ አገኙ። አሁን የሚጠይቁት፦ ይህ እውነት ነው ወይ? ሕዝቡ ለሴናተሩ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ተቀምጠው ካሉስ ነገሩን ያረጋግጣሉ ወይ?

የአሜሪካ ኮንግረስ ታሪክ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ ጥያቄው ወደኔ መጣ። አጭሩ መልስ፦ ፈርሟል። ጫናውም የውሸት አልነበረም። ግን «መራጮቼ አስገደዱኝ» ግማሽ መልስ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት ደብዳቤዎቹ ይጠቅማሉ፤ በተለይ እዚያ ሳጥን ውስጥ የሌሉት። ረዘም ይልብዎታልና ይታገሱኝ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሰውየው። ጄምስ ዊልያም ፉልብራይት በ1905 ሚዙሪ ተወለደ፤ ያደገው ግን ፌየትቪል በምትባል የአርካንሶ ከተማ ነው። ቤተሰቡ ያለው ቤተሰብ ነበር። እናቱ ሮበርታ የከተማዋ ጋዜጣ ባለቤት ነበሩ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአሜሪካ ፉትቦል ስም ያወጣ ተጫዋች ሆነ። ከዚያ የሮድስ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ኦክስፎርድ ሄደ። በሰው አገር በነጻ ትምህርት ዕድል መማር አንድን የገጠር ከተማ ልጅ ምን እንደሚያደርገው በራሱ ያየ ሰው ነው ማለት ነው።

በ1939 ገና በ34 ዓመቱ የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1941 ግን የግዛቷ አገረ ገዢ ሆመር አድኪንስ ከቦታው አስነሣው። የእናትየው ጋዜጣ አገረ ገዢውን ይወርፍ ስለነበር ነገሩ ቂም ነበረበት። ፉልብራይት በ1942 ለተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድሮ ገባ። በ1944 ለሴኔት ሲወዳደር ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ማን ሆነ? ያው አድኪንስ። አሸነፈው። ብድር በምድር ማለት ይሄ ነው።

ሴኔት ውስጥ 30 ዓመት ቆየ። ከ1959 እስከ 1974 የውጭ ግንኙነት ኮሚቴው ሊቀመንበር ነበር፤ በዚያ ወንበር ላይ እንደሱ ረጅም ጊዜ የተቀመጠ የለም። እርስዎን አሜሪካ የወሰደዎት ፕሮግራም ደግሞ የመጣው ገና ጀማሪ ሴናተር ሳለ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጦር በየአገሩ ብዙ ንብረት ትቶ ነበር። መኪናው፣ ማሽኑ፣ መጋዘኑ። አገሮቹ ሊገዙት ይፈልጋሉ፤ ዶላር ግን የላቸውም። ፉልብራይት፣ እንግዲያው በራሳቸው ገንዘብ ይክፈሉና ገንዘቡ ለተማሪና ለመምህር ልውውጥ ይዋል አለ። ሕጉ ነሐሴ 1 ቀን 1946 ተፈረመ። በጊዜው ብዙም ጫጫታ ሳያስነሣ ነው ያለፈው። አዲስ ግብር ስላልጠየቀ የተናደደ መራጭም አልነበረም። ይህን ልብ ይበሉ፤ ትልቁ ሥራው የመራጭ ደብዳቤ ያልጠየቀው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው። የሴናተር ቢሮ ደብዳቤ እንዴት እንደሚሠራ ካላወቁ ከሳጥኖቹ ውስጥ የተሳሳተ ነገር ይዘው ይወጣሉ።

ሴናተር ግዛቱን በሙሉ ነው የሚወክለው። ስለዚህ ደብዳቤው ከግዛቱ ዳር እስከ ዳር ይመጣል። ትልቁ ክፍል ፖለቲካ አይደለም፤ እኛ አቤቱታ የምንለው ነው። ጡረታዬ ተቋረጠ። ልጄ ወታደር ቤት ታሟልና ፈቃድ ይሰጠው። የመንደራችን ፖስታ ቤት ኃላፊ ጡረታ ወጥቷል፣ እኔን ያስቡኝ። ይህ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። ፖስታ ቤት በ1970 ሕግ እስኪሻሻል ድረስ የአንድ ትንሽ ከተማ የፖስታ ቤት ሹመት በፖለቲከኛ እጅ የሚያልፍ ነገር ነበር። እነዚህን የቢሮው ሠራተኞች ተቀብለው ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይልካሉ፤ መልስ ሲመጣ ለባለጉዳዩ ይጽፋሉ። ሴናተሩ ብዙውን ጊዜ አያየውም። ምርጫ የሚያሸንፈው ግን እዚህ ነው። ጡረታዋ የተመለሰላት ባልቴት ስለ ቬትናም ምን እንዳለ አትጠይቀውም።

ይህ ነገር ዛሬም አለ። ዘመድ ለማምጣት የቪዛ ጉዳይ ሲጓተትባቸው ወደ ሴናተራቸው ቢሮ የሚጽፉ አበሾች ብዙ ናቸው። ያው አሠራር ነው። አሁን መጀመሪያ የሚያስፈርሙዎት ቅጽ አለ፤ መሥሪያ ቤቱ የግል መረጃዎን ለሴናተሩ ቢሮ እንዲሰጥ የሚፈቅድ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ለሜሪላንድ ሴናተሮች፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ለቨርጂኒያ ሴናተሮች ይጽፋል። ዋሽንግተን ከተማዋ ውስጥ ያለው ወገናችን ግን ዕድለኛ አይደለም፤ ዲሲ ሴኔት ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ ሴናተር የላትም።

ሁለተኛው ዓይነት ደብዳቤ የሐሳብ ደብዳቤ ነው። ይህን ሕግ ደግፍ፣ ያንን ተቃወም የሚል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንድ ሺህ ደብዳቤ ሲመጣ አንድ ሺህ ሰው አሰበ ማለት ላይሆን ይችላል። አንድ ማኅበር አባላቱን «ይህን ጽፋችሁ ላኩ» ካለ ደብዳቤዎቹ ቃል በቃል ይመሳሰላሉ። ቢሮው ይህን በአንድ እይታ ያውቀዋል፤ ይቆጥራል፤ አንድ የተዘጋጀ መልስ ለሁሉም ይልካል። ፊርማውንም ማሽን ሊፈርመው ይችላል። ፖስታው ላይ ቴምብር የለም፤ የኮንግረስ አባል ስሙን ቴምብር ቦታ ላይ ካሰፈረ ደብዳቤው ይሄድለታል። ስለዚህ መልሱ እጅዎ ገብቶ ከታች ፊርማ ቢያዩ «ሴናተሩ ጻፈልኝ» ብለው አይቸኩሉ።

ሦስተኛው የስድብ ደብዳቤ ነው። ፉልብራይት ከዚህ በቂ ድርሻ ደርሶታል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በ1954 የዊስኮንሲኑ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ሰውን ሁሉ ኮሚኒስት እያለ አገር የሚያስጨንቅበት ጊዜ ነበር። የሚመራው የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ በጀት ሴኔት ቀረበ። 85 ለ1 አለፈ። ያቺ አንዷ ድምፅ የፉልብራይት ናት። ብቻውን። ማካርቲ ቀድሞውኑ ስሙን እያጣመመ «ሴናተር ሃፍብራይት» ይለው ነበር፤ ግማሽ ብልህ ለማለት። የስድብ ደብዳቤውም ጎረፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማካርቲን ለመገሰጽ ክርክር ሲደረግ ፉልብራይት ምን አደረገ? ከተላኩለት የስድብ ደብዳቤዎች ጥቂቱን ይዞ ተነሣና ሴኔቱ ፊት አነበባቸው። ይህ ሰው በአገሩ ላይ የዘራውን ጥላቻ እዩት ለማለት ነው። ቃል በቃል የምክር ቤቱ መዝገብ ውስጥ ገቡ። ሴኔቱ ማካርቲን 67 ለ22 ገሰጸው።

እንግዲህ ይህ ሰው የሚያስፈራ ደብዳቤ ሲመጣለት መሳቢያ ውስጥ ከትቶ የሚንቀጠቀጥ ሰው አልነበረም። ሲፈልግ ደብዳቤውን መሣሪያ ማድረግ ያውቅበታል።

ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 12 ቀን 1956፣ ያ መግለጫ ወጣ። የደቡብ ማኒፌስቶ ይሉታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በትምህርት ቤት ጥቁርና ነጭ መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ፈርዶ ነበር። መግለጫው ይህን ፍርድ በሕጋዊ መንገድ ሁሉ እንቃወማለን የሚል ነው። 19 ሴናተሮችና 82 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ፈረሙበት። ፉልብራይት ረቂቁ ለዘብ እንዲል ከገፉት አንዱ ነው። ቃሉን አለዘበ፤ ከዚያ ፈረመ። የአርካንሶ ተወካዮች በሙሉ ፈርመዋል።

ከደቡብ ያልፈረሙ ሴናተሮች ግን ነበሩ። ከቴነሲ አልበርት ጎር (የኋለኛው ምክትል ፕሬዚዳንት አባት) እና ኤስቲስ ኪፎቨር፣ ከቴክሳስ ሊንደን ጆንሰን። ጎርም ሆነ ኪፎቨር ከዚያ በኋላ እንደገና ተመርጠዋል። ስለዚህ አለመፈረም ሁሉም ቦታ የፖለቲካ ሞት አልነበረም።

ለፉልብራይት ፍትሐዊ ልሁን። አርካንሶ ቴነሲ አይደለችም። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ታሪክ አለ። ብሩክስ ሄይስ የሚባል የሊትል ሮክ (የአርካንሶ ዋና ከተማ) ተወካይ ነበር፤ መግለጫው ላይ ፈርሟል። በ1957 ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ነጮች ብቻ ይማሩበት የነበረው ሴንትራል ሃይስኩል እንዳይገቡ አገረ ገዢው ኦርቫል ፎበስ ወታደር አሰለፈ። ሄይስ በፎበስና በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር መካከል ገብቶ ለማስማማት ሞከረ። ይኸው ነው ጥፋቱ። በ1958 ምርጫ ዴል አልፎርድ የሚባል ሰው ምርጫው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ተነሥቶ፣ ስሙ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ሳይታተም፣ መራጮች በእጃቸው እየጻፉለት ሄይስን ጣለው። (የፉልብራይት-ሄይስ ሕግ የሚባለውን የ1961 ሕግ ሰምተው ከሆነ ያ ሄይስ ሌላ ነው፤ ዌይን ሄይስ የኦሃዮ ሰው ነው። ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።)

እና ፉልብራይት በ1957 ምን አደረገ? ያ ሁሉ ሲሆን እንግሊዝ አገር ነበር። ዝም አለ። ዝምታው ብዙ ወዳጆቹን አሳፍሯል። በ1958 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሊትል ሮክ ትምህርት ቤቶች መቀላቀል ይዘግይ የሚል ጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ አቀረበ። የ1964ቱን የሲቪል መብት ሕግም የ1965ቱን የመምረጥ መብት ሕግም ተቃወመ። ዋጋ ደግሞ ከፍሏል። ኬኔዲ በ1960 ተመርጦ ካቢኔ ሲያዋቅር ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሊያደርገው አስቦ ነበር። በዚህ መዝገቡ ምክንያት ተወው፤ ቦታው ለዲን ረስክ ሄደ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፉልብራይት ስለ መራጭና ስለ ተመራጭ ምን እንደሚያስብ ራሱ ተናግሯል፤ መገመት አያስፈልገንም። በ1946 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሕግ አውጪ ሥራ ንግግር አድርጎ ነበር። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። መራጮች በቀላሉ የማይነካኩ ስሜቶች አሏቸው። ጉዳዩ ለአገር ያን ያህል መሠረታዊ ካልሆነ ባልስማማበትም እሺ ልላቸው እችላለሁ። መሠረታዊ ከሆነ ግን አልከተላቸውም። ምሳሌም ሰጠ። የተባበሩት መንግሥታትን በተመለከተ መራጮቼ ምንም ቢሉ አልሰማቸውም አለ። የምርጫ ግብርን በተመለከተ ግን ያን ያህል መሠረታዊ ሆኖ አይታየኝም፤ የግዛቴን ሰዎች ሐሳብ እከተላለሁ አለ።

ይህን ንግግር ተማሪዎቼ ፊት ባነበብኩ ቁጥር እዚህ ጋ እቆማለሁ። የምርጫ ግብር ምን እንደሆነ ካወቁ ለምን እንደምቆም ይገባዎታል።

የምርጫ ግብር፣ ፖል ታክስ የሚሉት፣ ድምፅ ለመስጠት የሚከፈል ገንዘብ ነው። አርካንሶ ውስጥ በዓመት 1 ዶላር ነበር። መራጭ ተብሎ መመዝገብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የከፈሉበት ደረሰኝ ነው መታወቂያዎ። 1 ዶላር ትንሽ ይመስላል። በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ላለው የጥጥ አራሽ ግን ትንሽ አይደለም። እሱ ጭሰኛ ነው፤ እኩል አራሽ። ዓመቱን ሙሉ ከባለመሬቱ ሱቅ በዱቤ እየበላ፣ ጥጡ ሲሸጥ ዕዳው ተቀንሶ እጁ ላይ የሚቀረው ጥሬ ገንዘብ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። አንዳንዱ ባለመሬት ግብሩን ራሱ እየከፈለ ደረሰኙን ሰብስቦ ይይዝና ጭሰኞቹን እንደ ከብት ነድቶ ያስመርጥ ነበር። በዚያ ላይ እውነተኛው ምርጫ የዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ነበር፤ ያኔ ሪፐብሊካን በደቡብ አያሸንፍም ነበር። ያ የውስጥ ምርጫ ደግሞ የነጮች ብቻ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን የከለከለው በ1944 ነው፤ ፉልብራይት ለሴኔት በተመረጠበት በዚያው ዓመት።

ስለዚህ ይህን ሐሳብ እንደገና ያንብቡት። የምርጫ ግብር ይቅር ወይስ ይቆይ? «የግዛቴ ሰዎች» ይወስኑ። የግዛቴ ሰዎች እነማን ናቸው? ግብሩን የከፈሉት። ወንፊቱ ይቀየር ወይ ብለው ወንፊቱ ላይ የቀረውን ነው የጠየቁት። ጥቁሮች ከአርካንሶ ሕዝብ ከአምስት አንድ ያህል ነበሩ። የነሱ ሐሳብ «የመራጮቼ ሐሳብ» የሚለው ሒሳብ ውስጥ የሚገባበት በር ጠባብ ነበር።

ለዚህ ነው ደብዳቤዎቹን በጥንቃቄ ያንብቡ የምለው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ መጻፍ ይችላል፤ ቀጥሎ ጊዜ አለው፤ ከሁሉ በላይ የሚጽፍለት ሰው ይሰማኛል ብሎ ያስባል። ድምፅ የሌለው ጥቁር ገበሬ ለሴናተሩ ምን ብሎ ይጽፋል? ደግሞስ የትንሽ ከተማ ፖስታ ቤት ውስጥ ፖስታውን የሚቀበለው ማን ነው? ስሙን ማን ያየዋል? ይህ ሁሉ ፍርሃት ነው። የሴናተሩ ሳጥን ውስጥ የዘር መለያየትን የሚደግፍ ደብዳቤ በዝቶ ቢያገኙ ግዛቷ ያን ታስብ ነበር ብለው አይደምድሙ። መጻፍ የሚችሉት ያን ያስቡ ነበር ይበሉ።

ታዲያ ሌሎቹ ለማን ጻፉ? ሌላ ቦታ። ዴይዚ ቤትስ ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ማኅበር፣ የኤን ኤ ኤ ሲ ፒ፣ የአርካንሶ መሪ ነበረች፤ ከባሏ ጋር የራሷ ጋዜጣ ነበራት፣ ስቴት ፕሬስ። አቤቱታው ወደዚያ ይሄዳል። የዘጠኙ ተማሪዎች ወላጆች ደግሞ የፌዴራል ወታደሮች ልጆቻቸውን አጅበው ካስገቡ በኋላ ምስጋናቸውን በቴሌግራም ላኩ። ለማን? ወታደሮቹን ለላከው ለአይዘንሃወር። ለራሳቸው ሴናተር አይደለም። ያ ቴሌግራም ዛሬ የሚገኘው ከአይዘንሃወር መዛግብት ጋር ነው። እርስዎ ፌየትቪል ሄደው የፉልብራይትን ሳጥን ሁሉ ቢያገላብጡ እሱን አያገኙትም። በሕግ የፉልብራይት ተወካይነት ያለባቸው ሰዎች ጉዳያቸውን ተሻግረውት ሄዱ። ለኔ ከማንኛውም የስድብ ደብዳቤ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ይህ ነው።

«ግን በሌላውም ጉዳይ መራጩን ይሰማ ነበር እኮ» ሊሉኝ ይችላሉ። አዎ፣ ሆድ በሚነካ ጉዳይ ይሰማ ነበር። የተፈጥሮ ጋዝ አምራቾችን የሚጠቅም ሕግ በ1956 አቅርቦ ኮንግረስ ካለፈ በኋላ አይዘንሃወር ውድቅ አድርጎበታል። የዶሮው ነገር ደግሞ አለ። አርካንሶ የዶሮ አገር ናት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓውያኑ የአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ከመሩበት። ፉልብራይት ኔቶ ስለ ኒውክሌር መሣሪያ ሲወያይ መሀል ገብቶ የዶሮ ጉዳይ አነሣ። የዓለም ጥፋት እየተነገረ እሱ ስለ ዶሮ! አሜሪካም በ1963 መጨረሻ አጸፋውን መለሰች፤ ከመለሰችባቸው ነገሮች አንዱ በትንንሽ የጭነት መኪናዎች ላይ የ25 በመቶ ቀረጥ ነው። አውሮፓ የዶሮውን ጠብ ከረሳችው ቆየች፤ ቀረጡ ግን አልተነሣም። አሜሪካ ውስጥ ትንሽ ፒካፕ ከውጭ ብዙም የማይገባው ለምን እንደሆነ ገርሞዎት ከሆነ ይኸው።

ትልቅ በሚለው ጉዳይ ግን አይሰማም ነበር። ፕሬዚዳንቱ ቬትናም ውስጥ ጦር እንዲጠቀም የፈቀደው የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ በነሐሴ 1964 ሴኔት ውስጥ 88 ለ2 ሲያልፍ ያሳለፈው ራሱ ነው። ያኔ ፕሬዚዳንት የነበረው ሊንደን ጆንሰን ወዳጁ ነበርና አመነው። ቆየት ብሎ እንደተታለለ ገባው። በየካቲት 1966 የኮሚቴውን በር ለቴሌቪዥን ከፍቶ ጦርነቱን መረመረ። ዲፕሎማቱ ጆርጅ ኬናን ሲመሰክር የቴሌቪዥን ጣቢያው ሲ ቢ ኤስ ያንን ትቶ የድሮ ኮሜዲ ደግሞ ስላሳየ የዜና ክፍሉ ኃላፊ ፍሬድ ፍሬንድሊ ሥራውን ለቀቀ። ደብዳቤ ከመላው አገር መጣ። እዚህ ላይ የፖስታ ማኅተሙን ማየት ያስፈልጋል። ከኒው ዮርክና ከካሊፎርኒያ የመጣ ምስጋና አርካንሶ ውስጥ ድምፅ አይሆንም። አርካንሶ ልጆቿን ወደ ጦር ሜዳ በኩራት የምትልክ ግዛት ናት፤ ሴናተራችን ጦሩን ከዳ የሚል አልጠፋም። ፉልብራይት ግን አልተመለሰም። በ1968 ደግሞ ተመረጠ።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። በማካርቲ ጉዳይ የስድብ ደብዳቤ መጣ፤ አልሰማም። በቬትናም ጉዳይ ተቃውሞ መጣ፤ አልሰማም፤ ተመረጠም። በዘር ጉዳይ ደብዳቤ መጣ፤ ሰማ። ስለዚህ ደብዳቤው አላስገደደውም። የትኛውን ደብዳቤ እንደሚሰማ የመረጠው እሱ ነው። የመረጠበትንም ሚዛን በ1946 ቺካጎ ላይ ነግሮናል፦ መሠረታዊ የሆነውና ያልሆነው። የጥቁሮች መብት «መሠረታዊ ያልሆነው» ጎን ላይ ወደቀ። የኔ ፍርድ ይህ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ውስጥ ይህን ከባድ ነው የሚሉ አሉ፤ ወንበሩን ቢያጣ ኖሮ ቬትናምን ማን ይጠይቅ ነበር ይላሉ። ሚዛኑ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሄይስን ዕጣ የነገርኩዎትም ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ማስረጃ ልጨምር። በ1964 መጀመሪያ 24ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸድቆ ለፌዴራል ምርጫ ግብር መጠየቅ ቀረ። ያኔ ግብሩን ይዘው ከቀሩት አምስት ግዛቶች አንዷ አርካንሶ ነበረች። በዚያው ዓመት አርካንሶም በራሷ ሕግ ደረሰኙን ትታ መደበኛ ምዝገባ ጀመረች። የመራጩ መልክ ተቀየረ። በ1970 ኒክሰን ጂ ሃሮልድ ካርስዌል የሚባል ዳኛ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አጨ። ሰውየው በ1948 የነጭ የበላይነትን ደግፎ መናገሩ ወጣ። ሴኔቱ 51 ለ45 ጣለው። ከደቡብ አይሆንም ካሉት ጥቂት ሴናተሮች አንዱ ፉልብራይት ነው። ሰውየው ተለወጠ? ወይስ መራጩ ተለወጠ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ብቻ በ1946 «የግዛቴ ሰዎች» ይላቸው የነበሩት በ1970 እነዚያው አልነበሩም።

ለኛ የሚሆን ነገርም አለ። ቬትናም ካስተማረው በኋላ ኮሚቴው፣ መንግሥት በየአገሩ ሕዝብ ሳያውቅ ምን ቃል ገብቷል ብሎ መመርመር ጀመረ። በሴናተር ስቱዋርት ሳይሚንግተን የሚመራ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1970 ተራው የኢትዮጵያ ሆነ። አስመራ ስለነበረው የአሜሪካ ጦር የግንኙነት ጣቢያ፣ ስለ ቃኘው፣ ተጠየቀ። አሜሪካ በ1960 የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ወደ 40,000 ሰው ለማድረስ እንደምትረዳ በምሥጢር የገባችው ቃልም ያኔ ነው አደባባይ የወጣው። ስኮላርሺፑን ብቻ የምናውቀው ሰውዬ ይህንንም በር ከፍቷል።

መጨረሻው ደስ አይልም። በ1974 በፓርቲው የውስጥ ምርጫ በአገረ ገዢው ዴል በምፐርስ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። በዘር አይደለም፤ በቬትናምም ብቻ አይደለም። ሰውየው የዓለም ሰው ሆኖ ከቤቱ ራቀ ተባለ። በ1960ዎቹ ጆርጅታውን እየተማረ በፉልብራይት ኮሚቴ ውስጥ ተላላኪ ጸሐፊ የነበረ አንድ የአርካንሶ ልጅ ግን አልረሳውም። ቢል ክሊንተን ነው፤ በ1993 ፕሬዚዳንት ሆኖ የነጻነት ሜዳሊያ አጠለቀለት። ፉልብራይት በየካቲት 1995 አረፈ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ደብዳቤዎቹ የት ናቸው? ፌየትቪል ነው፤ የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ልዩ ስብስብ ክፍል። የሴናተር ወረቀት በአሜሪካ ልማድ የመንግሥት ሳይሆን የራሱ የሴናተሩ ንብረት ነው፤ ለፈለገው ተቋም ይሰጣል። ከመሄድዎ በፊት ይጻፉላቸውና የትኛውን ሳጥን እንደሚፈልጉ ይንገሯቸው። የጡረታና የሕመም ጉዳይ ያለባቸው የግል ፋይሎች ሊዘጉብዎት ይችላሉ፤ አይቀየሙ፣ የሰው ገመና ነው። የመጣውን ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን የሄደውን መልስ በካርቦን የተገለበጠውን ቅጂም ይጠይቁ። ለደጋፊና ለተቃዋሚ በአንድ ቀን የሄዱ ሁለት መልሶች ካገኙ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጧቸው፤ ሴናተሩን እዚያ መሀል ያገኙታል። ከዚያ በአገሪቱ መሀል ወዳለችው ካንሳስ፣ አቢሊን ይሻገሩና የአይዘንሃወርን ያንብቡ።

ፌየትቪል ሲደርሱ ኦልድ ሜይን ከሚባለው አሮጌ ሕንጻ አጠገብ የነሐስ ሐውልቱን ያዩታል። በ2020 ተማሪዎች ይነሣልን ብለው ጠይቀው ነበር። እና እስክሪብቶ ይዘው አይሂዱ፤ ንባብ ክፍል አያስገቡዎትም። እርሳስ ይያዙ።